የወንዝ ውሃ መስሎኝ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ። ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ ተቀምጬ ልመስክር። ከልጆቼም ደብቄው የኖርኩት ነገር ነው።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ አርበኞቹን ተከትሎ ወደ ጣርማ በር ተራሮች ወጥቶ፣ እኔ ሸዋ ሮቢት ከአማቴ ጋር ቀርቻለሁ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባት ወር አልፎኛል። አንድ ጠዋት ወታደሮች የአርበኛ ቤት ሊያቃጥሉ መጡ ሲባል ሴቶቹ ሁሉ ሮቢ ወንዝ ወርደን ሸንበቆው ውስጥ ተደበቅን። እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ቆመን ዋልን።

ከወጣን በኋላም ውሃው በእግሬ መውረዱን አላቆመም። የወንዝ ውሃ መስሎኝ ቀሚሴን ጨመቅኩት። በማግስቱም ፈሰሰ። ያን ጊዜ ሽንቴ ያመለጠኝ መስሎኝ አፈርኩ። ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ምራት ከወገቧ በታች ስላለው ነገር ለአማቷ አትናገርም። ጨርቄን ተደብቄ እያጠብኩ ከማሽላው ክምር ኋላ አሰጣ ነበር። ሞኝነቴን አያችሁ?

በአራተኛው ቀን ትኩሳት ጣለኝ። አማቴ ጨርቁን አገኙትና አሸተቱት።

«ይሄ እንሽርት ነው፤ ልጁ የሚዋኝበት ውሃ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከወንዙ ቀን ጀምሮ።»

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ምነው ልጄ፣ እኔ ጠላትሽ ነኝ ወይ?» አሉኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በቃሬዛ ጣሊያን መንገድ ወደሚያሠራበት ሰፈር ወሰዱኝ፤ እዚያ አንድ ጣሊያን ሐኪም ነበር። ሆዴን ዳስሶ ሲናገር አስተርጓሚው አቀረቀረ። «ውሃው አልቋል፣ ልጁ በደረቅ ነው ያለው ይላል። ለእሷም ተስፋ አታድርጉ ይላል።»

ከወለጋ ከባሏ ጋር ለመንገድ ሥራ የመጣች ጫልቱ የምትባል አማኝ ይህን ሰምታ አጠገቤ ተንበረከከች።

«ምን ልለምንልሽ?» አለችኝ።

«ልጄን» አልኳት።

ለመነች። ልጄ ተወለደ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ወንድ ነበር። ትኩሳቱ እኔን ለቀቀኝ። እኔ ግን ለራሴ አልነበረም የለመንኩት።

«አምላክሽ ሰው ተሳስቷል» አልኳት። አልተቆጣችም። ልጄን አጥባ እየገነዘች፣ «ይህንኑ ለእሱ ንገሪው። ተናደጂበት፣ ግን አትደብቂው። እኔም ሁለት ቀብሬ ነው የምነግርሽ» አለች። ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ ያለውን ለእግዚአብሔር ነገርኩት። ስድብ ነበር። ሰማኝ፣ ግን አልተወኝም። ስሙ ይባረክ።

ልጄ ለምን እንደሞተ ዛሬም አላውቅም፤ እሱ ዘንድ ስደርስ እጠይቀዋለሁ። አሁንም እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቶ ባየሁ ቁጥር የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ባለፈው ወር ግን ከዚያ በኋላ የወለድኩት ልጄ ሚስት በስምንት ወር እርግዝናዋ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ረጥቤያለሁ» አለችኝ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት አደረስናት። የተወለደችው ልጅ ትንሽ ናት፣ ግን ትጠባለች። ያቻት፣ እናቷ ከኋላ ታቅፋት ተቀምጣለች። ጌታ ይባረክ።

እናንተም የደበቃችሁት ጨርቅ ካለ ከክምር ኋላ አታስጡት። ለጌታ አሳዩት፤ አይጸየፍም።