ለጥያቄ የተነሳ እጅ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ እዚህ ፍራንክፈርት ደግሞ ብዕር የምይዘው ፎርም ላይ ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ግን ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ሐና በጀርመንኛ፣ «ታንቴ፣ አክስቴ፣ አንቺ ለምን አላገባሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት እህቴ ከማድቤት፣ «የጌታ ፈቃድ ስላልሆነ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ስለ እኔ ሁልጊዜ የምትመልሰው እሷ ናት። ታከተኝ። ዛሬ እኔው ልመልስ።

ነገሩ ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋሉስ የሚባል ሰፈር ከእህቴ ከዘነበችና ከባሏ ከጋሽ ዳንኤል ጋር እኖር ነበር። ጋሽ ዳንኤል የኛ የጴንጤዎቹ ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ጉባኤው ትንሽ ስለነበር ሁሉም የሁሉን ያውቃል፤ የማን ልጅ ከማን ጋር ትራም እንደጠበቀች ሳይቀር ይወራል። ከጉባኤው ውጪ ማግባትማ አይታሰብም። ሥራዬ ግን ከወንዙ ማዶ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር፣ የፖም ወይን የሚጠጣበት ቤት ሳህን ማጠብ ነበር። እህቴ ለሰው «ሬስቶራንት ነው የምትሠራው» ትላለች። መጠጡን መቅመስ ኃጢአት ነው፤ ብርጭቆውን ማጠብ ግን ኃጢአት አልነበረም። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም።

ሀብቶም እዚያው ማድቤት ድንች ይልጥ ነበር። የአስመራ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ «ቀ»ን ከጉሮሮው ቆፍሮ የሚያወጣ። ኦርቶዶክስ ነው። በጸደይ፣ እዚህ ለሚወዱት አረንጓዴ ስጎ ሰባት ዓይነት ቅጠል ሲከትፍ ማድቤቱ ዝናብ የመታው ሜዳ ይሸታል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይበላም። እኔ ሽኒትዘል ይዤ ፊቱ መቀመጥ አፈርኩና ድንችና ሰላጣ አብሬው መብላት ጀመርኩ።

«አንቺ ጴንጤ አይደለሽም እንዴ? ምን ያስጾምሻል?» ይለኛል።

«አልጾምኩም፤ አልራበኝም» እላለሁ። ይስቅብኛል።

እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሆነን። ከምሳ ሥራ በኋላ በማይን ወንዝ ዳር እንሄዳለን፤ ታዲያ ሐበሻ ባየሁ ቁጥር ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እቀራለሁ። «እጮኛዬ ነሽ ወይስ ጥላዬ?» እያለ ይናደዳል።

አንድ ዓርብ እህቴ እንግዶች ጠርታ ጥብስ አቀረበች። ወደ እኔ ስትገፋልኝ ሳላስበው፣ «ዛሬ ዓርብ አይደል?» አልኩ።

የሁሉም እጅ ባለበት ቀረ።

«ዓርብ ቢሆንስ?» አሉ ጋሽ ዳንኤል።

እንዲህ ያለ ቃል ከጴንጤ አፍ አይወጣም። እንግዶቹ ከመሄዳቸው ሁሉንም አወጣጡኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሰጡኝ፤ ልክ እንደ ውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት። ሦስት ጊዜ ቀጠሩኝ፤ ሦስቴም ያንኑ «ትተዪዋለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። በመጨረሻ ወይ ሰውዬው አዳራሽ መጥቶ ጌታን ይቀበል፣ ወይ ተዪው፣ አለዚያ ከጉባኤውም ከቤቱም ትወጫለሽ ተባልኩ። ሀብቶምን «እባክህ፣ አንድ እሁድ ብቻ» ብዬ ለመንኩት።

«ጸሎት አይደል? እመጣለሁ» አለ።

የምንከራየው አዳራሽ በአዘቦት ቀን ዳንስ የሚማሩበት ስለነበር ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ፊት ተቀምጬ፣ ከኋላ በር አጠገብ ያለውን ሀብቶምን በመስታወቱ አየዋለሁ። ከረባት አስሮ መጥቷል። ፓስተሩ ዓይናችንን አስጨፍነው፣ «ዛሬ ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሳ» አሉ። እኔ አልጨፈንኩም። አንድ እጅ ብድግ አለ። የሱ!

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እህቴ አቅፋኝ አለቀሰች። ጋሽ ዳንኤል በሩጫ ሄደው እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑበት። ሀብቶም ግን እንደ ተማሪ ጣቱን ቀስሮ ይጠብቃል።

«ይቅርታ» አለ እልልታው ሲበርድ፣ «ጥያቄ ነበረኝ።»

ዝም በል፣ በቃ ዝም በል፣ አልኩ በሆዴ።

«ጌታን መቼ ትቼው ነው አሁን የምቀበለው?»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ ዳንኤል እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልታላግጥ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ የእውነቴን ነው።»

በሩን አሳዩት፤ ወጣ።

«ሽንት ቤት» ብዬ ተከተልኩት። ትራም ፌርማታው ላይ ደረስኩበት። እንደዚያ ቀን ሰው ላይ ጮኬ አላውቅም።

«እጅህን ዝም ብለህ ብትተወው ምን ነበረበት? አንድ እጅ!»

«ባላልኩት ነገር እልል ሲባልልኝ ዝም ልበል?»

«ስለ እኔ ብለህ!»

«ትርሲት!» እህቴ ከአዳራሹ በር ስሜን ጠራች። ዞር አልኩ። ትራሙም ደረሰ። ሀብቶም አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ አልመለስኩለትም። በሩ ተዘጋ። ሰኞ እሱ ሥራ አልገባም። በኋላ ፌኸንሃይም ፋብሪካ ገባ ሲሉ ሰማሁ።

አሁን ሠላሳ ልደፍን ነው። ብዙ ዓመት በሱ ተናደድኩ፤ በሽማግሌዎቹም ተናደድኩ። ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት ያቃተው ሰው፣ አንድ ጥያቄ መመለስ ካቃታቸው ሰዎች ጋር! ዛሬ ዛሬ ግን የምናደደው በራሴ ነው። ፌኸንሃይም ባሕር ማዶ አይደለም፤ በዚያው ትራም ይደረሳል። ሐና ስታድግ፣ ጌታ አልከለከለኝም እላታለሁ፤ የከለከለኝ ሲጠሩኝ ዞር የሚለው አንገቴ ነው። ሀብቶም የጠየቀኝም ከባድ ነገር አልነበረም። ትራሙ ደረጃ ላይ ቆሞ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦

«ትሳፈሪያለሽ፣ ወይስ መጀመሪያ እህትሽን ትጠይቂያለሽ?»