አቧራ የማያስገባው ሚክዳድ

ነገሌ ቦረና ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሻኑ ሚክዳድ የነካው የመኪና ሽቦ አቧራ አያስገባም ይባላል። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሊኮን ይደፍነዋል። የእትዬ መሱዳ ፒክአፕ ግን አዲስ የኦክስጅን ሴንሰር ተገጥሞለትም ጥቁር ጭስ መትፋቱን አልተወም፤ ሴንሰሩን የሚያነበው የቴስተር ቁጥርም ንቅንቅ አላለም።

«ሴንሰሩ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሚክዳድ ጮኸ።

እትዬ መሱዳ ወደ ሞያሌ የሚሄድ ዕቃ ጭነው፣ ሞተሩን እንዳስነሱ መሪው ላይ ተቀምጠዋል። ሚክዳድ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ የሴንሰሩን ሽቦ በእጁ ሲከተል የገዛ ሲሊኮኑ ላይ ደረሰ። ይህ ሴንሰር ጭሱን የሚለካው ከውጭ አየር ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ያንን አየር የሚስበው ደግሞ በሽቦው በኩል ነው። ጥርሱን ነክሶ ድፍኑን በምላጭ ሰነጠቀው። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ መልሶ ወጣ፤ ሴንሰሩ መተንፈስ ጀመረ።

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው» አለ ቀና ሳይል።

«ሟቹ ባሌም እኔን እንደዚሁ ነበር የሚጠብቀኝ» አሉና ማርሽ አስገብተው ሄዱ።