ጓን የማያውቀው ኮምፒውተር

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒውተራችን አንድ ብቻ ነበር፤ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙን እንደ ገዛ እጄ ለምጄው ነበር። አንድ ቀን የማስነሻ ዲስኩ ተበላሸና ኮምፒውተሩ ዝም አለ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣው ባለሙያችን የተበላሸውን በሌላ የማስነሻ ሥርዓት ተካልኝ።

"ይሄ የማንም አይደለም። ውስጡን ከፍተሽ ማየት፣ ማስተካከል፣ ለወዳጅ መቅዳት ይቻላል" አለኝ።

ምን አገባኝ? እኔ የፈለግኩት የለመድኩትን ፕሮግራም ነው። ስነዘንዘው ከረምኩ። በመጨረሻ አዲሱን ሥርዓት አሮጌውን የሚያስመስል ነገር ጨመረበትና ፕሮግራሜ ተነሣልኝ። ፊደሎቼ ስክሪኑ ላይ ሲደረደሩ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ አንኮበር ላሉት የፓርቲ ተጠሪ ስለ ዘር እህል የሚጻፍ ነበር። ታተመ፣ ኃላፊዬ ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ፣ ሾፌሩ ይዞት ሄደ። ቀሪውን ኮፒ ፋይል ላደርግ ሳነሣው ዐይኔ አናቱ ላይ ቀረ። ስክሪኑ ላይ "ለጓድ" ይል የነበረው ወረቀቱ ላይ "ለጉድ" ብሏል። ጓ የምትጻፈው ጉን መትቶ አንድ ቁልፍ በመጨመር ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ማተሚያው ያቺን ጭማሪ ውጧታል። ኋም፣ ቋም፣ ዲቃላ ፊደል የተባለ ሁሉ እንደዚያው ሆኗል። ግን ለኋና ለቋ ማን ይታሰራል?

ኃላፊዬ ስብሰባ ላይ ያለቦታው ስቀዋል ተብለው ታስረው የወጡ ሰው ናቸው። ኮፒውን ሳሳያቸው ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ መልሰው ተቀመጡ። "ልጆቼን እንግዲህ..." ብለው ተዉት። ባለሙያው "ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ውስጡ ገብቼ አስተካክለዋለሁ" ሲል በጥፊ ልለው ቃጣኝ። ደብዳቤውን በታይፕ እንደገና መታሁ፣ አስፈረምኩ፣ በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ በሚወርድ የነጋዴ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ።

መንገዱን ጉም ስለሸፈነው ነጋዴው በእግር የሚሄድ ያህል ይነዳል።

"ፈጠን በል እንጂ ወንድሜ!"

"አብሽሪ እህቴ፣ ኢንሻ አላህ እንደርሳለን። ገደል ለመግባትማ ማን ብሎን!"

አንኮበር ስደርስ ተጠሪው ቢሮ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቷል። አንብበውታል፤ ፊታቸው ይናገራል። አዲሱን ዘረጋሁላቸው።

"ጓድ፣ ማሽኑ ነው፤ ሰው አይደለም" አልኩ።

"እናንተ ዘንድ ማን አየው?"

"ኃላፊዬና አንድ ባለሙያ ብቻ።"

ተነሥተው በሩን ከውስጥ ቆለፉት። አለቀልን አልኩ። የኃላፊዬ ልጆች ፊታቸው ድቅን አለብኝ።

ተጠሪው ግን ተመልሰው የተሳሳተውን ደብዳቤ ሲጋራ መተርኮሻው ላይ አደረጉና ክብሪት አወጡ።

"ይህ ወረቀት የበላይ አካል እጅ ቢገባ፣ 'ምን ብታደርግ ነው እንዲህ ያሉህ?' የምባለው እኔ ነኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ክብሪቱን ጫሩት፤ ተሰበረ። ሌላ አወጡ፤ እሱም ከጣታቸው ወደቀ። ክብሪቱን ተቀብዬ የለኮስኩት እኔ ነኝ።