ቧንቧውን የተሸከመው ሳንቃ

አባቴ ቧንቧ ሠሪ ነው፤ ሰፈርተኛው «ጋሽ ብሎን» ይለዋል። አንዴ የያዘውን አይለቅም። እናቴ እንኳ «እምቢ ብለው አልሄድ አለኝ፤ ቢቸግረኝ አገባሁት» እያለች ትስቅበታለች።

እሷ ደግሞ ኩሩ ናት። እግሯ መድከም ከጀመረ ወዲህ ጫማዋን ሳደርግላት፣ ስደግፋት ዝም ትለኛለች። ገላዋን ግን ማንም አይነካም። «ሌላ ሰው ያጠበኝ ዕለት አለቀልኝ በይ» ትለኛለች። ስለዚህ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ትወጣለች፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ በጭንቀት አልቃለሁ።

በዚያ ሰሞን የገንዳው ቧንቧ ይላላ ጀመር። አባቴ ከላይ ዳዶውን ያጠብቀዋል፣ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይወዛወዛል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቧንቧ ይከፍቱታል እንጂ ይታገሉታል እንዴ?»

«እንዳንተው አርጅቶ ነው፤ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ?»

ይሳሳቃሉ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው። የሰው ቤት ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው ሥሩን ነበር፤ በገዛ ቤቱ ግን ከላይ ከላይ እየጠመዘዘ ይወጣል። ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ቧንቧው ጭራሽ ዘመመ። አባቴ የገንዳውን የጎን ሽፋን ፈታና በደረቱ ተኝቶ በባትሪ አየ። ቧንቧውን የተሸከመው ሳንቃ በሚንጠባጠበው ውኃ ጠቁሮ በስብሷል፤ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ተፈረፈረ። ከዚያ ባትሪውን አስጠግቶ ደግሞ አየ።

«ምነው አባዬ?»

«ውኃ ብቻውን እንዲህ አይሰብረውም» አለኝ። «ወደ ገንዳው በኩል ተጎትቶ ነው የተሰነጠቀው። እናትሽ የምትነሣው ቧንቧውን ይዛ ነው። እግሯ ጨርሶ ከድቷታል፤ ደብቃናለች።»

ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ እንዲገጥምላት ለመንኩት።

«መያዣ ካየች ማወቄን ታውቃለች» አለ። «ቧንቧ መስሎ ይቆይላት።»

የበሰበሰውን ቆርጦ አወጣ። ወፍራም ሳንቃ አስገባ፤ ከሥሩ ብረት ደገፈበት፤ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈነ። ለቧንቧ እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚሠራ የለም። ሲጨርስ ራሱ ይዞት በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለ፤ ንቅንቅ አላለም።

ሲሊኮኑ እንደ ደረቀ እናቴ ፎጣዋን ይዛ ገባችና በሩን ከውስጥ ቆለፈች። አባቴና እኔ ኮሪደር ላይ ቆምን። ውኃው ሲወርድ ሰማን፤ ቆመ። አባቴ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

«ሰማሽ? አይንቋቋም» አለኝ በሹክሹክታ። ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

ቆየች። በጣም ቆየች።

«አንተ ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ቧንቧህ ጥሩ አድርጎ ይዟል። እጄ ነው አልይዝ ያለኝ።»

አባቴ መፍቻውን አንሥቶ የበሩን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ከኖረ እጅ ላይ መፍቻው ደጋግሞ ወደቀ። አንሥቼ ሳቀብለው ዓይኔን አላየም።

በሩ ሲከፈት እኔም ልገባ ተራመድኩ።

«ልጄ፣ አንቺ አትግቢ» አለች እናቴ። «አንተ ና። እጠበኝ።»