የጠራዡ የሳምንት የቤት ሥራ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢደመር ስንት ይወጣዋል? ፍልስፍና ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ግን እስከ ዛሬ ደምሬ አልጨረስኩትም።

ሃያ ስድስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ጠርዟል። ቅጠሉ የተገነጠለ መጽሐፍ ሲመጣለት ክሩን ፈትቶ፣ እንደገና በመርፌ ሰፍቶ፣ መጭመቂያ ውስጥ ያሳድረዋል። ከወንበሩ ስለማይነሣ ባልደረቦቹ «ሙጫው» ይሉታል። አዲሱ ኃላፊ መጠረዣውን ወደ ትልቁ አዳራሽ ሲያዛውረው ጫጫታው በዛበትና ጠረጴዛ ሥር ገባ። ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም የነገረን ያኔ ነው፤ በሃምሳ ዓመቱ። ኃላፊውም «የሥነ ልቦና ሕክምናውን በደንብ እንደሚከታተል ከባለሙያዋ ወረቀት ያምጣ፤ አለዚያ ሥራውን ይልቀቅ» አለ።

የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ባለሙያዋ ለስላሳ ልጅ ናት።

«ጭንቀትዎ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው?»

«ዜሮው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ!»

«አይቼው አላውቅም።»

እሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን አልቀለደም። ከዚያን ቀን ወዲህ የራሴንም ዜሮ ፈልጌ አጣሁት።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ ሰጠችው፤ ሰው ሲያነጋግረው ዐይን ዐይኑን እንዲያይ። እሱ ደግሞ የታዘዘውን አያጓድልም። በማግስቱ ኃላፊው ተናግሮ እስኪጨርስ፣ ዐይኑን እንኳ ሳያርገበግብ አፈጠጠበት። ኃላፊው «ሊደበድበኝ ነበር» ብሎ ከሰሰው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትበላው ነው እንዴ?» አለች ባለቤቴ።

«እትዬ፣ እይ ተባልኩ፤ አየሁ። መቼ እንደሚበቃ ማን ነገረኝ?»

መቼ እንደሚበቃ እኔንም ብትጠይቁኝ አላውቅም። ብቻ እኔን ወረቀት አምጣ ያለኝ የለም። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ያኔም ግራ ገባኝ፤ አሁንም ግራ እንደ ገባኝ አለሁ።

በአራተኛው ቀጠሮ አንድ ነገር ለመነ። ባለሙያዋ «ሕክምናው እኮ መነጋገሩ ነው» አለችው። እኅቱ «ሰው አታስቸግር» አለችው። እኔ፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ «ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ» አልኩት። ከዚያ በኋላ በቀጠሮው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀመጠ። «አይተባበርም» ተብሎ ተጻፈበት፤ ሥራውንም ለቀቀ።

የለመነው ይህን ነበር፦ «ጥያቄውን ከአንድ ቀን በፊት ጽፋችሁ ስጡኝ። መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ጽፌ አመጣላችኋለሁ።»