ግንድ የምትዞረው ወፍ

ልጄን ልሸኝ ለገሃር ቆሜ፣ ከግራሩ ላይ ያቺን ወፍ አየኋት። ቅርፊት የመሰለች ዥጉርጉር ናት፤ ቀጭን ምንቃሯ ቆልመም ያለ። ከዛፉ ሥር ትጀምርና ትል እየለቀመች፣ ግንዱን እየዞረች ትወጣለች። ጫፍ ስትደርስ በርራ የሌላውን ዛፍ ሥር ትይዛለች።

ልጅ ሳለሁ ወለንጪቲ አጠገብ ነበርን። አባቴ ጨው ሊያመጣ ወደ ቆላ ሲነሣ፣ አያቴ እንደ ልማዳቸው የወፍ ገድ አደመጡ። በቀኝ ከጮኸች ሂድ ነው፣ በግራ ከጮኸች ቅር። ይህቺው ወፍ በቀኝ ጮኸች። ደስ ብሎን ሳናበቃ ግንዱን ዞራ በግራ ጮኸች።

«እደርና ነገ ሂድ ልጄ» አሉ አያቴ። «የዚህች ነገር አይያዝም።»

«በቀኝም በግራም ከሸኘችኝማ አባባ፣ ሙሉ አጀብ ነው» ብሎ አባቴ ሳቀ። አህዮቹን ነድቶ ሄደ። ያስነሡት አቧራ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሞተ ያለን የለም፤ አየሁት ያለንም የለም። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ ብቻቸውን ሲቀመጡ «ታዲያ የትኛውን ልመን?» ይሉ ነበር።

አሁን አንድያ ልጄ ድሬዳዋ ሥራ አለ ብለውት ባቡሩ ላይ ወጥቷል። ከእሱ ሌላ ቤቴ ውስጥ ሰው የለም።

«እማዬ፣ ወዴት ነው የምታዪው? እኔ እዚህ ነኝ» ይለኛል በመስኮት።

ወፏ በቀኜ ጮኻ ከግንዱ ጀርባ ገብታለች። ውረድ ልበለው ብዬ አፌን ስከፍት ባቡሩ ጮኸ። እሷ በግራ ጮኻ እንደሆነም አልሰማኋት።