የድንች ጉድጓዱ

ልጄ በጉድጓዱ ደረጃ ስትወርድ የታፈነ አፈር ሸተተኝ። ቦታው ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ፣ ከፊንላንድ የመጡ የድሮ ገበሬዎች ቤቶች ለጎብኚ የሚታዩበት ሜዳ ነው። ስድስት ቀን ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ቆሜ ሠርቼ፣ በኦፌ፣ በዕረፍቴ ቀን እሷ ጎትታ አመጣችኝ። ጉድጓዱ ድንች ያስቀምጡበት የነበረ ነው።

አገር ቤት ልጅ ሆኜ የአባቴም እህል ጉድጓድ ውስጥ ነበር። አንዴ ክዳኑ እንደተነሳ ወንድሜ ሊገባ እግሩን ሲያንጠለጥል፣ ጎረቤታችን ጋሼ ደምሴ በኮሌታው ጎትቶ አወጣው። ኩራዝ በገመድ አወረደ፤ ግማሽ ሳይደርስ ጠፋ።

«አየህ? እሳት ያልተነፈሰበትን አንተ ልትተነፍሰው ነው? ተከፍቶ ይደር» አለው።

«ውጪ፣ መጀመሪያ መብራት ነው የሚወርደው» አልኳት ልጄን።

«ማም፣ ድንች እኮ ነው፣ ቺል አድርጊ፣ ተረጋጊ» አለች ከታች።

ደግሜ ጠራኋት፤ መልስ የለም። ስልኬን አብርቼ ቁልቁል ያዝኩ። የስልክ መብራት አየር ባይኖርም አይጠፋም፤ ምን ይነግረኛል? ግድግዳውን ተደግፌ ወረድኩ። በጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ ሙዚቃ እየሰማች ፎቶ ታነሳለች። ክንዷን ይዤ ወደ ላይ ጎተትኳት፤ እስከ ሳሩ ድረስ አለቀቅኋትም።

«ያመኛል እኮ» አለች።

ይመማት። ወጥተናል፤ ደህና ነን።